ሰኞ ሰኞ ያፍነኝ የነበረው

መጀመሪያ የተሰማኝ ደረቴን በመቀነት ጠበቅ አድርጎ እንደ ማሰር ያለ ነገር ነው። ኅዳር ውስጥ፣ ሰኞ ቀን ነበር፤ የጠዋቱ ፈረቃ ከተጋመሰ በኋላ። እጄን ከማሽኑ አንስቼ የሥራ ቀሚሴን ከአንገቱ ሥር ላላ ላደርገው ሞከርኩ። ቀሚሱ ሰፊ ነበር። የጠበበው እሱ አልነበረም። ትንፋሽ እስባለሁ፣ ይገባል፣ ግን ወደ ታች አይወርድም። ከዚያ ሳል መጣ። ደረቅ ሳል። አክታ የለው፣ ደም የለው፣ ትኩሳት የለው። ስምንት ሰዓት ላይ ከፈረቃ ወጥቼ ቤቴ ስደርስ ሰውነቴ ድቅቅ ብሎ ነበር። ማክሰኞ ቀለል አለኝ። ረቡዕ ረሳሁት። በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሶ መጣ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ በጥጥ፣ በቃጫ ወይም በእህል ብናኝ ውስጥ ለሚሠሩና ደረታቸውን ይዘው ከሐኪም ሐኪም ለሚንከራተቱ ሰዎች ነው። እኔ ሕመሜን ለማሳመን የፈጀሁት ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ ጎድቶኛል። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስለዚህ ስጽፍ ንዴቴ ቢታይባችሁ አልደብቀውም።

በደርግ ጊዜ ከናዝሬት ወጣ ብሎ በነበረ አንድ የመንግሥት ጥጥ መዳመጫ ውስጥ ነበር የምሠራው። ስሙን አልጽፍም። ጥጡ ከነፍሬው ከአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች በከባድ መኪና ይመጣል፤ የኛ ማሽን ፍሬውን ከጥጡ ይለያል፤ ፍሬው ወደ ዘይት ፋብሪካ፣ ጥጡ ደግሞ ተጠቅጥቆና ታስሮ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሄዳል። የኔ ሥራ ማሽኑን መመገብና ሲታነቅ ማጽዳት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ብናኙ አየር ላይ ቆሞ ይታያል። ቅንድባችንም ሽፋሽፍታችንም ነጭ ሆኖ ነው የምንወጣው። አየር መሳቢያ ሁለት ነበር፤ አንደኛው የተበላሸው ገና እኔ ሳልቀጠር ነው። ማሽኑ የሚሠራው ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው፤ ክረምት ሲገባ ይቆማል፣ እኛም ጆንያ ስንጠቅምና ግቢ ስናጸዳ እንከርማለን። ያ ዓመት ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ሁለት ጊዜ ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ፎቶዬ ተሰቅሏል። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ በኋላ ከተባልኩት ጋር እንድታመዛዝኑት ነው።

የመዳመጫው ክሊኒክ ውስጥ አንድ ድሬሰር ነበር። በመጀመሪያው ሰኞ "እሁድ ምን በላሽ?" አለኝ። ሽሮ አልኩት። የጨጓራ ክኒን ሰጠኝ። በሁለተኛው ሰኞ አምፒሲሊን ሰጠኝ። በአራተኛው ሰኞ ካርዴን አገላብጦ አየና፣ "እሁድ ምን ጠጣሽ?" አለኝ።

"ውኃ።"

"ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚነሣ በሽታ እኔ አልተማርኩም፣ እህቴ" ብሎ ካርዴን መለሰልኝ።

ወሬው ከክሊኒኩ ወደ አዳራሹ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። የፈረቃ ኃላፊያችን ጓድ አሰፋ ይባል ነበር። ክፉ ሰው ነበር ማለት አልችልም፤ ኮታ የሚያስጨንቀው፣ ከበላዩ ያሉትን የሚፈራ ሰው ነበር። በሰው ፊት አቁሞ፣ "ጓዲት ሙሉ፣ በሽታሽ የቀን መቁጠሪያ ያነባል እንዴ?" አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ለምን ፈገግ እንዳልኩ አላውቅም።

ከዚያ ሌላ ወሬ ተጨመረ። እሁድ እሁድ ቤቷ ጠላ እየሸጠች ሌሊቱን ስለምታነጋ ነው ሰኞ የምትደክመው ተባለ። ጠላ የምትሸጠው አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ነበረች። ማን ይጠይቃል?

ባለቤቴ ግርማ ልብስ ሰፊ ነው፤ ናዝሬት ገበያ አጠገብ አንድ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ይሠራ ነበር። እሱ እንኳ አንድ ቀን እያመነታ፣ "ሙሉዬ፣ ሥራው አስጠልቶሽ ይሆን እንዴ? ነፍስ ሲጠላ አካልም ይታመማል ይላሉ" አለኝ። ሰኞ ማታ ከሰል ለማቀጣጠል እፍ ማለት ሲያቅተኝ ከእጄ ላይ ማራገቢያውን የሚወስደው እሱ ነበር። ያንን እያየ እንዲህ ማለቱ አንገበገበኝ።

እናቱ ከወለንጪቲ መጥተው ሶደሬ ወሰዱኝ። ፍል ውኃ ያላላዋል አሉ። የዓመት ፈቃድ ወስጄ አንድ ሳምንት ተነከርኩ። ዳንኩ። በእውነት ዳንኩ፤ ሳቁ ተመለሰልኝ፣ ምግብ ጣመኝ። ሰኞ ሥራ ገባሁ። እኩለ ቀን ሳይደርስ ተንበርክኬ ነበር። ከዚያ በፊት እንደዚያ ብሶብኝ አያውቅም።

ከዚያ ሰኞ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ዘመን ሂስና ግለሂስ የሚባል ነገር ነበር፤ ሠራተኛው ተሰብስቦ ባለበት ጥፋትህን ራስህ ቆመህ ትናገራለህ፣ ሌላውም ይነግርሃል። ያልታሰረ ጥጥ በተቆለለበት መጋዘን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ነበር። ስሜ ተጠራ። ቆምኩ። ጓድ አሰፋ "የሥራ ዲሲፕሊን" አለ። "የምርት መሰናክል" አለ። ቀጥሎ ከፊት የተቀመጠ አንድ የማላውቀው ሰው "አሻጥር" የሚለውን ቃል አነሣ። ያ ቃል በዚያ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ በዕድሜ የደረሳችሁ ታውቃላችሁ። እስር ነው፤ ከዚያም የባሰ።

ከአጠገቤ ባለው ማሽን የምትሠራ ጫልቱ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ባሏ ሞቶባታል፤ ሦስት ልጆቿን ይዛ በመዳመጫው የሠራተኛ ቤት ትኖራለች። እሷም ሰኞ ሰኞ ታስላለች። እኔ አውቃለሁ። ግድግዳ ጥግ ሄዳ በሻሿ አፏን አፍና ነው የምታስለው። ዞሬ አየኋት። መሬት መሬት ታያለች።

"ስንፍናዬን አምናለሁ" አልኩ። "ሰኞ ሰኞ ከሥራ ለመሸሽ የታመምኩ መስያለሁ። ራሴን አርማለሁ።"

አጨበጨቡ። ጸሐፊው ጻፈው። ፈረምኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማሳሌን መደበቅ ተማርኩ። ሰኞን በጥርሴ ነክሼ ማለፍ ተማርኩ። ግንቦት ሊገባ አካባቢ ግን ሕመሙ ሰኞ ብቻ መሆኑን ተወ። ማክሰኞንም ያዘ። ረቡዕንም። ኪሎዬ ቀነሰ። ግርማ በግድ ከተማ ወስዶ አንድ ክሊኒክ አስመረመረኝ። ራጅ አነሡኝ። ጥላ ነገር አለ አሉ። አክታ ስጪ አሉኝ፤ ደረቅ ሳል አክታ ከየት ያመጣል? ያለ አክታ ምርመራ ሳንባ ነቀርሳ ነው ብለው ስትሬፕቶማይሲን ጀመሩልኝ። በየቀኑ መርፌ። መቀመጫዬ ሁለቱም በኩል ጓጎለ። ቦኖ ውኃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ከጀሪካኔ ያርቁ ነበር። ጆሮዬ ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ ጀመረ። መርፌው ነው ብዬ ብናገር ድካም ነው አሉኝ። ያ ድምፅ ዛሬም ይህን ስጽፍ አለ።

ግን ተሻለኝ። ክረምቱ እንደገባ ትንፋሼ ተከፈተ። መስከረም ላይ ሽቅብ ስወጣ አልቆምም ነበር። "አየሽ፣ መድኃኒቱ ሠራ" አሉኝ። እኔም አመንኩ። ማሽኑ የቆመው በዚያው ሰሞን መሆኑን ማናችንም አላሰብንም። ይህን ሳስታውስ ጭንቅላቴን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ያምረኛል። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ "ሥራሽ ምንድነው? ክረምትስ ትሠሪያለሽ ወይ?" ብሎ አልጠየቀኝም።

በኅዳር ማሽኑ ተነሣ። ሰኞ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ወለል ላይ ተቀምጬ ነበር። ከንፈሬ ጠቁሯል አሉ። አላውቅም። የማውቀው አየር ማጣቴን ነው። እሞታለሁ ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

ናዝሬት ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ፀጉሩ ገና በጎን በኩል መሸበት የጀመረ ሰው ነበር። ግርማ አብሮኝ ገባ። ዶክተሩ ደረቴን በማዳመጫው ብዙ ጊዜ ወስዶ አዳመጠ። የቲቢ ካርዴን አየና አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ጠየቀኝ።

"የሚብስብዎት ቀን አለ?"

ልብ በሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ነው። እኔ ግን ምን አልኩ?

"የለም። ሁልጊዜ ነው" አልኩት።

ዋሸሁ። ሰኞ የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ እሱም እንደ ሌሎቹ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል ብዬ ፈራሁ። "ብርድ ነገር ነው፣ ሲመሽ" ብዬም ጨመርኩበት። ዶክተሩ "አስም ሊሆን ይችላል" ብሎ አሚኖፊሊን የሚባል ክኒን ማዘዝ ጀመረ። ወረቀቱን ሊቀድድልኝ ሲል ግርማ ከኋላዬ ተናገረ።

"ሰኞ ነው፣ ዶክተር። ሰኞ ሰኞ ነው የሚያፍናት። አፍራ ነው።"

በቁጣ ዞሬ አየሁት። በሰው ፊት ልብሴን የገፈፈኝ ያህል ነበር። ዶክተሩ ግን ወረቀቱን መልሶ አስቀመጠ።

"እንደገና ይበሉት እስኪ" አለ። "ሰኞ?"

"ሰኞ። እሁድ አርፋ ሰኞ ስትገባ። ፈቃድ ወስዳ ስትመለስ ደግሞ ይብሳል።"

"የት ነው የሚሠሩት?"

"ጥጥ መዳመጫ" አልኩ።

ከወንበሩ ተነሣ። መስኮቱ ጋ ሄዶ ተመለሰ። ተናደደ ብዬ ፈራሁ። የተናደደው በኔ አልነበረም። "ይህ የታወቀ በሽታ ነው" አለ። "ቢሲኖሲስ ይባላል። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ ሕመም ነው። ሰውነትዎ በሳምንቱ ውስጥ ብናኙን እየለመደው ይሄዳል፤ እሁድ ሲያርፉ ልማዱ ይጠፋል፤ ሰኞ እንደ አዲስ ይቆጣል። ሰኞ ላይ መነሣቱ የበሽታው ዋና ምልክት ነው።"

አለቀስኩ። ደስታ አልነበረም። ያ የተሳቀብኝ፣ የፈረምኩበት፣ የዋሸሁበት ነገር የሕመሜ ስም ላይ ለመድረስ ዋናው መንገድ ኖሯል።

ዶክተሩ የትንፋሽ መለኪያ ነበረው፤ ፒክ ፍሎው ሜትር ይባላል፤ በአፍ እፍ ሲሉበት መርፌው ይሄዳል። "ያለ ማስረጃ ወረቀት ብጽፍልዎ አይቀበሉኝም" አለ። እሁድ ሄጄ ነፋሁ። ሰኞ ንጋት ላይ ፈረቃ ከመግባቴ በፊት ነፋሁ። ከፈረቃ ወጥቼ በጋሪ እየተንገጫገጭኩ ሄጄ እንደገና ነፋሁ። መርፌው ከእሁዱ በእጅጉ አንሶ ቆመ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ተደረገ። ሦስቱም ሳምንት አንድ ዓይነት ነው።

"አሁን አንድ ነገር ይቀራል" አለኝ። "የአንድ ሰው ሲሆን የርስዎ ተፈጥሮ ነው ይሉኛል። ሌላ የሚያስል የለም?"

ወደ ጫልቱ ሄድኩ። በሯ ላይ ቆማ ሳልናገር ገባት።

"ማሎ፣ ሙሉ፣ እባክሽ ስሜን አታንሺ" አለችኝ። "አንቺ ባል አለሽ። እኔን ከዚህ ቤት ካስወጡኝ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?"

ተጣላኋት። በዚያ ስብሰባ መሬት መሬት ማየቷን አንስቼ ሰደብኳት። ትክክል አልነበርኩም። የፈራችው እኔ ራሴ የፈራሁትን ነው፤ እኔ ፈረምኩ፣ እሷ ዝም አለች፤ ልዩነታችን ይህ ብቻ ነው። በሩን ዘጋችው። ከሁለት ሰኞ በኋላ ግን ከፈረቃ ስንወጣ ጋሪው ላይ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እስከ ሆስፒታል ድረስ አብረን ሄድን።

ጫልቱ ነፋች። ዶክተሩ መርፌውን አየ። "እሁድ ይምጡ" አላት። እሁድም ነፋች። የኔ ትንፋሽ እሁድ እሁድ ይመለሳል፤ የሷ አልተመለሰም። "የርስዎ የቆየ ነው" አላት። "ከዚህ በኋላ አንድ ቀንም ብናኙ ውስጥ መግባት የለብዎትም።" ለሁለታችንም ደብዳቤ ጻፈ። ከብናኙ እንዲያርቁን፣ የቆመውን አየር መሳቢያ እንዲያስጠግኑ፣ ሌሎቹም ሠራተኞች እንዲመረመሩ ጠየቀ።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ጓድ አሰፋ ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ፣ "ጥጥ በሽታ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ሐኪሞች ቁስል ላይ ያደርጉት ነበር?" አለ። ይህን ሲል የምሩን ነበር። ከወር በኋላ እኔን ከማሽኑ አነሡኝና የጥጥ ፍሬ የሚታሸግበት መጋዘን አስገቡኝ። መጋዘኑ መስኮት አልነበረውም። ብናኙ ያው ነው። በሁለተኛው ሰኞ ወደቅኩ። ዶክተሩ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ፤ ምላሽ የለም። ሦስተኛውን ራሱ ይዞት መጣ፤ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ሩብ ሰዓት ቆመ፣ ሲወጣ ቅንድቡ ነጭ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በር ላይ ፈታሽ አድርገው የመደቡኝ። የጫልቱ ጉዳይ "በጥናት ላይ ነው" ተባለ። አየር መሳቢያውም በጥናት ላይ ነው ተባለ። ግለሂሴ ከፋይሌ ይውጣልኝ ብዬ አመለከትኩ። ፋይል አይቀደድም ተባልኩ።

ማገገም እንደ መታመም ፈጣን አይደለም፤ ዛሬ ነው ዳንኩ የምትሉት ቀን የለውም። በር ላይ ቆሜ የሚገቡትን መኪኖች ስፈትሽ፣ ከወንጂ ሜዳ የሚመጣው ነፋስ ፊቴን ሲመታኝ፣ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሰኞን እንደማንኛውም ቀን ሳላውቀው ማሳለፌን ነው። ቀጥሎ ከገበያ እቃ ተሸክሜ ስመለስ መንገድ ላይ የማርፍባቸው ድንጋዮች ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ እየቀነሱ ሄዱ። ዶክተሩ በየወሩ ያስነፋኝ ነበር፤ መርፌው ቀስ እያለ፣ አንዳንዴ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል እንደ ጤነኛ ሰው የሚባልበት ቦታ አጠገብ ደርሶ እዚያው ቆመ። ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ብርድ ሲመታኝ ዛሬም ያፍነኛል፤ ነገር ግን የመጨረሻዋን ልጄን ያረገዝኩት፣ የወለድኩትና ዓመት ሙሉ በጀርባዬ ያዘልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጫልቱን ከማሽኑ ያነሷት ከሁለት የሥራ ወቅት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በየሰኞው ገብታለች። እኔ የዳንኩት በሽታዬ ቀሎ ወይም እኔ በርትቼ አይደለም፤ ከሷ ቀድሜ ስለ ወጣሁ ነው። በዚህ ማንም እንዲያጽናናኝ አልፈልግም።

የማመሰግናቸው ሰዎች አሉኝ። ዶክተሩን አመሰግናለሁ፤ ሐኪም ሆኖ መድኃኒት ማዘዝ ብቻ ይበቃው ነበር፣ እሱ ግን እግሩን አንስቶ መጣ። ግርማን አመሰግናለሁ፤ ያኔ አንድ ሳምንት አኩርፌው ነበር። ሐኪም ቤት ስትሄዱ የሚያውቃችሁን ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ ያፈራችሁበትን ይናገርላችኋል። ሐኪሙ ሥራችሁን ባይጠይቃችሁም ንገሩት፤ ምን እንደምትነኩ፣ ምን እንደምትተነፍሱ፣ የትኛው ቀን እንደሚብስባችሁ፣ ስታርፉ እንደሚሻላችሁ ወይም እንደማይሻላችሁ። የሳንባ ነቀርሳ ነው ከተባላችሁ አክታችሁ ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ፤ የተጀመረ መድኃኒት ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ ጆሮአችሁ ከጮኸም ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ። አፍን በሻሽ ማሰር ጥቂት ይረዳል፣ አያድንም።

ጫልቱ ዛሬ ሻሸመኔ ልጇ ቤት ናት። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ ይህን እየጻፍኩ መሆኔን ነገርኳት። ከአልጋዋ እስከ በሩ ለመድረስ አንዴ ትቀመጣለች፤ ንግግሯም እንደ እርምጃዋ ነው፣ ሁለት ቃል ብላ ታርፋለች። ስሟን እንዳነሣ ፈቀደችልኝ። ለሚያነቡት ሰዎች ምን ልበልልሽ አልኳት።

"ቶሎ ውጡ" አለች። ትንፋሿን ሰብስባ ጨመረች፦ "ልጆቹ... ያድጋሉ።"

ሌላም ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ጠበቅኳት፤ በእጇ ይበቃል አለችኝ።